የፋኗን ድምፅ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ

ይህን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየጾሙ ፊታቸው ተንበርክኬ ትንንሹን ሁሉ ስዘረዝር፣ ዋሸሁ፣ ተቆጣሁ፣ ሰው አማሁ ስል፣ ይህን አንዱን ዘልዬ አልፈው ነበር። አባ "ሌላስ፣ ልጄ?" ይሉኛል። "ሌላ የለም፣ አባ" እላቸዋለሁ። ሌላ ግን ነበረ።

ጥፋቴን አስቀድሜ ልናገር። ወደ ኋላ ካቆየሁት ሳሳምረው እንዳልገኝ እፈራለሁ። እኔ የአጎቴን ኮምፒውተር ካርድ አቃጠልኩ። ካርድ ማቃጠል ኃጢአት አይደለም፤ ዕቃ ነው፣ ይበላሻል፣ ይተካል። የእኔ ኃጢአት ከዚያ ቀጥሎ ነው። እኔ ያቃጠልኩትን ሌላ ሰው እንዳቃጠለው አድርጌ፣ በሰው ፊት ጣቴን ቀሰርኩ። ጣቴን የቀሰርኩባት ሴትም አመነችኝ።

አሁን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስሜ ትርንጎ ነው። የተወለድኩት ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ አባቴ "አጎትሽ ዘንድ ሆነሽ ተማሪ" ብሎ ንፋስ መውጫ ወሰደኝ። አጎቴ ጋሼ ሙሉቀን የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ቪዲዮ ቤት አላቸው። ሰርግ ይቀርጻሉ፣ ክርስትና ይቀርጻሉ፣ ለተማሪ ጉርድ ፎቶ ያነሳሉ።

በዚያ ቤት ካለው ዕቃ ሁሉ የሚከበረው ኮምፒውተሩ ነበር። ጋሼ ከባሕር ዳር ሲያመጡት ጣራ ላይ አልጭንም ብለው መንገዱን ሙሉ በጭናቸው ይዘውት እንደ መጡ ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። በሳጥኑ ውስጥ ግራፊክስ ካርድ የሚባል ክፍል አለ። ምስሉን የሚሠራው እሱ ነው። ሥራ ሲበዛበት ይግላል፤ ሲግል በላዩ የተገጠመችው ትንሽ ማራገቢያ፣ እኛ ፋን የምንላት፣ ፍጥነቷን ጨምራ ታቀዘቅዘዋለች። የሰርግ ቪዲዮ ተቆርጦ፣ ተቀጥሎ፣ ዘፈን ገብቶበት፣ በመጨረሻ አንድ ሆኖ ሲወጣ ሬንደር እንለዋለን። ያን ጊዜ ካርዱ እንደ ጉድ ይሠራል። ፋኗም እንደ ጉድ ትጮሃለች።

እኔ ቶሎ ለመድኩት። ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ይዘው ከነበሩት ልጆች ጋር እየዋልኩ፣ በፍላሽ ይህን ያንን ፕሮግራም እየቀዳሁ፣ ጋሼ ያልቻሉትን እኔ ስችለው "የኔ ልጅ" ይሉኝ ጀመር። እቤታቸው የሚበላ የዘመድ ልጅ መሆኔ ቀርቶ የሚጠቅም ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ለዚያች ቃል ስል ምን የማልሆነው ነበር?

የጋሼ ባለቤት የሺ ትባላለች። የእስቴ ልጅ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል ሆና ነው ተድራ የመጣችው። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ "እርስዎ" እያልኩ ሳናግራት ሳቀችብኝ።

"ተይ እንጂ፣ አንቱ ስትይኝ ጥርሴ የረገፈ ይመስለኛል! አንቺ በይኝ።"

"እሺ፣ እትዬ።"

"እትዬውን እንኳ ያዥው። እሱ ያምርብኛል።"

ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ ነበረች። ፈተና ሲደርስ ውኃ እንዳልቀዳ የምትከለክለኝ እሷ ነበረች። ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ማን ላይ ጣቴን እንደ ቀሰርኩ እንድታውቁት ነው።

የሺ ሥራዋን ስትጨርስ ከጎኔ በርጩማ ስባ ትቀመጥና ስሠራ ታየኝ ነበር። መጀመሪያ ዝም ብላ ነው። ኋላ መናገር ጀመረች። "እዚህ ጋ አትቁረጪ! እናቲቱ እንባዋን ሳትጠርግ ትቆርጪባታለሽ?" ትለኛለች። መልሼ አየዋለሁ፤ እውነቷን ነው። እኔ ሙሽሪትን ስፈልግ እሷ ከኋላ የቆመችውን እናት ታይ ነበር። አንድ ቀን ማውሱን ሰጠኋት። መጀመሪያ ቀስቱ ያመልጣት ነበር። በወሩ ግን የአንድ ክርስትና ቪዲዮ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለብቻዋ ቆረጠች፤ የሕፃኑ አያትም ሲያዩት ደግመው ደግመው አስከፈቱት። ጋሼ ራሳቸው "ጥር ካለፈ በኋላ የክርስትናውን ሥራ ለየሺ ነው የምሰጣት፤ አንቺ ትምህርትሽን ታጠኚያለሽ" አሉኝ።

እሺ አልኳቸው። ደስ ብሎኝ ነበር? ዛሬ ራሴን ስጠይቅ፣ ሙሉ በሙሉ ደስ አላለኝም። "የኔ ልጅ" የሚለው ቃል ለሁለት የሚከፈል መስሎኝ ነበር።

ንፋስ መውጫ ስሟ ራሱ ይናገራል፤ አቧራ በር አያንኳኳም፣ ዝም ብሎ ይገባል። የሺ ለኮምፒውተሩ ሳጥን ዳንቴል ሠራችለት። ነጭ ክር ነው፣ ዳሩ ሰማያዊ። እኛ አገር ሬዲዮም ቴሌቪዥንም ዳንቴል ይለብሳል፤ የተከበረ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም። እኔ "ሲሠራ ከሆነ ያፍነዋል፤ ጠፍቶ ሳይቀዘቅዝ እንዳታለብሺው" አልኳት። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ሲጠፋ፣ ልክ የታመመ ሕፃን ግንባር እንደሚነካ ሰው፣ በእጇ ጀርባ ሳጥኑን ትነካዋለች። ገና ከሆነ ትተወዋለች፤ እራት አቅርባ ተመልሳ ትነካዋለች። ሲቀዘቅዝ ታለብሰዋለች። ጠዋት ሳይከፈት ታወልቀውና አጥፋ ወንበሩ ላይ ታኖረዋለች። አንድም ቀን ስትረሳ አላየሁም። ይህን ቃል ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ የምጽፈው ግን ዛሬ ነው።

አሁን ወደ ፋኗ ልምጣ።

የጋሼን ቪዲዮ ቤት ከሌሎቹ የሚለየው አንድ ነገር ነበር። እያንዳንዱ የሰርግ ቪዲዮ የሚከፈተው ለሙሽሮቹ ተብሎ በተቆጠረ ቅኔ ነው። ቅኔውን የሚቆጥሩት መሪጌታ ላቀው የሚባሉ፣ ብዙ ደቀ መዛሙርት ያሏቸው የቅኔ መምህር ነበሩ። የሙሽሪትን ስም፣ የሙሽራውን አገር ይጠይቁና ቅኔውን ዘርፈው፣ ቪዲዮ ቤት መጥተው በገዛ ድምፃቸው ያስቀዱታል። ንፋስ መውጫ ጋይንት ነው፤ የጋይንት ሰው ደግሞ ቅኔ ያውቃል። ብዙው ሰው እኛ ዘንድ የሚመጣው ለምስሉ ሳይሆን ለዚያ ድምፅ ነበር።

ችግሩ ማይክሮፎኑ የሚሰካው እዚያው ኮምፒውተር ላይ መሆኑ ነው። ለነፋሱ ሲባል መስኮቱ ይዘጋል፤ ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ፋኗ ደግሞ አሮጌ ነበረችና ሥራ ባይኖርባትም አታርፍም። የመሪጌታ ድምፅ ሲቀዳ ከኋላው ትሰማለች። አንድ ቀን መሪጌታ ቅኔውን ጀምረው አቋረጡት።

"ሙሉቀን፣ ፎቶ ቤት ነው ያስገባኸኝ ወይስ ወፍጮ ቤት?"

"የኮምፒውተሩ ትንፋሽ ነው፣ የኔታ" አሉ ጋሼ ተሽቆጥቁጠው።

"እንግዲያስ አስም አለበት። ጠበል ውሰዱት።"

የሺ በጓዳው በር ላይ ሆና በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። ጋሼ ግን አልሳቁም፤ አፈሩ። ዞር ብለው እኔን አዩኝ። ያ አስተያየት "አንቺ ታውቂ የለም?" የሚል ነበር። አውቅ ነበር። ከትምህርት ቤት ጓደኛዬ በፍላሽ የቀዳሁት፣ የካርዱን ሙቀት በዲግሪ የሚያሳይና የፋኗን ፍጥነት በእጅ የሚያስይዝ አንድ ፕሮግራም ነበረኝ። ጫንኩት። ፋኗ በራሷ ፈቃድ እንዳትጨምር አድርጌ፣ ከሙሉ አቅሟ ሲሶው ላይ አሰርኳት። ድምፁ ወረደ፣ ወረደ፣ ጠፋ። ክፍሏ ውስጥ የመሪጌታ መቋሚያ መሬት ሲነካ ይሰማ ጀመር።

"እሰይ!" አሉ መሪጌታ። "ይቺ ልጅ አጋንንቱን አስወጣችው!"

ቅኔውን አንድ ጊዜ ብቻ ብለውት ተቀዳ። ሲሄዱ ጋሼ ትከሻዬን ይዘው "የኔ ልጅ፣ ዛሬ ገና ጆሮዬ አረፈ። እንዲሁ ይቆይ" አሉ።

ያን ጊዜ ማለት የነበረብኝን ቃል ዛሬም በቃሌ እይዘዋለሁ፤ "አይሆንም ጋሼ፤ ይህ ለቀረጻው ብቻ ነው፤ ሬንደር ሲደረግ ፋኗ እንደ ልቧ መዞር አለባት።" ከባድ ነው? ማንም የሚለው ቃል ነው። እኔ ግን "እሺ፣ ጋሼ" አልኩ። ጸጥታው እንዲቆይ ፈለጉ፤ እኔም የጸጥታው ባለቤት ሆኜ መቆየት ፈለግሁ።

ብዙ ጊዜ "አላወቅሁም ነበር" እያልኩ ልቤን ለማታለል ሞክሬአለሁ። ውሸት ነው። አየሁት። የመጀመሪያው ሰርግ ሬንደር ሲደረግ ፕሮግራሙን ከፍቼ ቁጥሩን አየሁት። ሰማንያን አልፎ ዘጠና ገባ፣ ዘጠናንም አልፎ ሄደ። ካርዱ ራሱን ለማዳን ሥራውን እያዘገመ ነበር፤ ሬንደሩ ከወትሮው ሲዘገይም አየሁ። ጋሼ ብርድ ነው ብለው ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል፤ እኔም የሹራቤን እጅጌ እስከ ጣቴ ድረስ ስቤአለሁ። እኛ እየበረደን በመካከላችን ያለው ሳጥን ይነድ ነበር። በነፋስ አገር፣ በጥር ብርድ፣ ማሽን በሙቀት ይሞታል ብሎ ማን ያስባል? ሌላው ላያስብ ይችላል። እኔ ግን ቁጥሩ ፊቴ ነበር። አይቼ ዘጋሁት። በሚቀጥለው ቀን አይቼ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ላለማየት መክፈቱን ተውኩት።

አንድ ቀን ጋሼ አፍንጫቸውን አንስተው "ትርንጎ፣ የሚሸት ነገር የለም?" አሉኝ።

"አቧራ ነው፣ ጋሼ" አልኳቸው።

ጥምቀት አለፈ። ሰርግ በሰርግ ላይ ተደራረበ። ኮምፒውተሩ ከጠዋት እስከ ማታ ያለ ዕረፍት ይሠራ ጀመር፤ አንዱ ሬንደር ሳያልቅ ሌላው ይጠብቃል። አንድ ረፋድ ላይ የአንዲት ሙሽራ ወንድሞች ቪዲዮውን ሊወስዱ መጥተው ቤቱን ሞልተውት ነበር። ከጎረቤት ሱቅም ሁለት ሴቶች ሙሽሪትን በስክሪን ለማየት ገብተዋል። በመካከል ስክሪኑ ላይ ቀይና አረንጓዴ መስመሮች ተጋደሙ። ሙሽሪት ተቆራረጠች። ከዚያ ጥቁር ሆነ። የተቃጠለ ላስቲክ የመሰለ ሽታ ወጣ።

ጋሼ ስልክ ይዘው ደብረ ታቦር ያለ ጠጋኝ ሊጠሩ ወደ ደጅ ወጡ። እኔ ከሳጥኑ ኋላ ተንበርክኬ የስክሪኑን ገመድ ከካርዱ ነቀልኩና ኮምፒውተሩ ራሱ ባለው ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካሁት፤ እንደገና አስነሳሁት። ምስል መጣ። ከካርዱ በቀር ሁሉም ደህና ነበር፤ የሰርጉም ቀረጻ አልጠፋም። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ሰዎቹ ከኋላዬ ይጯጯሃሉ፤ ማንም እኔ የማደርገውን አያውቅም። ፋኗን ያሰርኩበትን ፕሮግራም ፈለግሁ። አጠፋሁት። ዱካውንም አጠፋሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው፤ እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ጋሼ ተመልሰው ገቡ። "ምን ሆኖ ነው? አንቺ ታውቂያለሽ፣ ምን ሆኖ ነው?"

ሁሉም እኔን ያያሉ። የሺ ለእንግዶቹ ውኃ ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች። ዳንቴሉ ወንበሩ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል።

ጣቴን ወደ ዳንቴሉ ቀሰርኩ።

"በሙቀት ነው የተቃጠለው" አልኩ። "ሳይቀዘቅዝ ለብሶ ያደረ ይመስለኛል።"

ይህን ነው ያልኩት። የሺን በስሟ አልጠራሁም። ስሟን ባለመጥራቴ ለብዙ ጊዜ ራሴን ሳጽናና ነበር። ዳንቴሉ የማን እንደሆነ የማያውቅ ማን ነበር?

"እኔ?" አለች የሺ። "እኔ እኮ... ትናንትና ነክቼው ነበር። ቀዝቅዞ ነበር።" ግንባሯ ተጨማደደ። ሳትሠራ የሠራችውን ጥፋት በገዛ ሐሳቧ ውስጥ ስትፈልግ አየኋት። "ወይስ ማታ ሰዎች በር ላይ ሲጣሩ... ተጣርተውኝ ወጥቼ ነበር። ረስቼው ይሆን?" ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። "ትርንጎ ካለች ነው። እሷ ታውቃለች።"

አፌን ብከፍት ይበቃ ነበር። አልከፈትኩም።

ከሙሽሪት ወንድሞች አንዱ "እንግዲህ ለእናታችን ልጅሽን ዳንቴል በላት ልንላት ነው!" አለ። ሰው ሳቀ። ሁለቱ ጎረቤቶችም ሳቁ። ጋሼ ግን ለየሺ የተናገሯት በሳቅ አልነበረም።

"ከዛሬ ጀምሮ እጅሽን ከዚህ ማሽን ላይ አንሺ። ጓዳሽ ይበቃሻል።"

በሰው ፊት ነው ያሏት። እሷም ውኃውን ለእንግዶቹ አዳርሳ ተመልሳ ገባች።

ጠጋኙ በማግስቱ መጣ። ካርዱን አገላብጦ አይቶ "ሙቀት ነው የጨረሰው" አለ። ጋሼ የዳንቴሉን ነገር ሲነግሩት "ጨርቅ ማልበስማ አይሆንም" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እውነቱ በውሸቴ ላይ እንዲህ ልክ ሆኖ ተገጠመ። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። አዲስ ካርድ መጣ። ፋኗ እንደ ሙቀቱ ራሷ እንድትፈጥንና እንድትዘገይ ተውኳት። ጩኸቱ ተመለሰ። ጋሼ "ይጩህ፤ ዳንቴል ከሚለብስ ይጩህ" አሉ። መሪጌታ ሊያስቀዱ ሲመጡ ኮምፒውተሩን አጥፍተን በስልክ ቀድተን እናስገባው ጀመር። ይህን ዘዴ መጀመሪያ ማሰብ እንችል ነበር። ማንም አላሰበውም፤ እኔ ጸጥታውን በእጄ ይዤ ነበርና።

ንፋስ መውጫ ትንሽ ከተማ ናት። ወሬው ገበያ ደረሰ። የባጃጅ ልጆች የሺ ስታልፍ "እትዬ ዳንቴል!" ይሏታል። የጎረቤቷ ሴት ደግሞ "የሺ፣ ለሙሉቀን ዳንቴል እንዳትሠሪለት፣ ይቃጠልብሻል!" ብላ ሰፈሩን ታስቀዋለች። የሺም አብራ ትስቃለች። የሚሳቅባት ሰው አብሮ ካልሳቀ ሳቁ እንደማያልቅ ታውቃለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የቤት ሥራዬን ስሠራ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ዳንቴሉን ስትተረትረው አየሁ። የክሩን ጫፍ አግኝታ ትስባለች፣ ኳስ አድርጋ ትጠቀልላለች። ረድፉ አንድ በአንድ እየተፈታ ሄደ። "ክሩ ደህና ነው፤ ለልጅ ኮፍያ ይሆናል" አለችኝ። ልጅ አልነበራትም። አንገቴን ደፍቼ የሒሳብ ጥያቄዬን ቀጠልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ በርጩማውን ስባ ከጎኔ ተቀምጣ አታውቅም። የክርስትናውን ሥራ ጋሼ ለሌላ ሰው ሰጡት።

በእኔ ላይ ግን አልከፋችም። ዩኒቨርሲቲ ስገባ በሶዬን ቋጥራ፣ ሹራቤን አጥባ፣ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ለረዳቱ "ልጄ ናት፤ ኮምፒውተር ልትማር ነው፤ ደህና ቦታ አስቀምጥልኝ" አለችው። አንድ ሰው ይህን ሰምቶ እንዴት አውቶቡስ ይሳፈራል? ተሳፈርኩ።

ልናገር ያሰብኩት እዚህ ድረስ ብቻ ነበር። ግን ሌላም አለ፤ ይህ ደግሞ ገና ትኩስ ነው።

በዚህ ዓመት አንድ መምህራችን ኮምፒውተር ለምን እንደሚሞቅ ሲያስረዱ "ከእናንተ መካከል ተበላሽቶበት ያየ አለ?" ብለው ጠየቁ። እጄን አወጣሁ። መምህር ሲጠይቅ እጄን ሳላወጣ መቀመጥ አልችልም። ስለ ካርዱ፣ ስለ ፋኗ፣ ስለ ዲግሪው አስተካክዬ ተናገርኩ። መምህሩ "በጣም ጥሩ!" አሉኝ። እዚያ ላይ መቀመጥ ነበረብኝ። "ምን አቃጠለው?" ሲሉኝ ግን "አንዲት የገጠር ሴት ዳንቴል አልብሳው" አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። መምህሩም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

አንዲት የገጠር ሴት። ፀጉሬን የሠራችኝን፣ በሶዬን የቋጠረችውን። የመጀመሪያውን ውሸት ፈርቼ ዋሸሁት ልል እችል ይሆናል። ይህን ማን አስፈራኝ? ሰው እንዲስቅልኝ ስል ብቻ ሁለተኛ ሸጥኳት።

ማደሪያ ክፍል ስንገባ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ጫማዋን እያወለቀች "ያቺ ሴትዮ ከዚያ በኋላ ኮምፒውተር ነካች?" አለችኝ። እንዲሁ ነው የጠየቀችኝ፤ ምንም አታውቅም።

"አልነካችም" አልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለየሺ ደወልኩ። እንደ ልማዷ "በላሽ? ብርድ ልብስ ይበቃሻል?" አለችኝ። ሳላስጨርሳት ነገርኳት። ፋኗን ያሰርኳት እኔ እንደሆንኩ፣ ቁጥሩን እንዳየሁት፣ ፕሮግራሙን እንዳጠፋሁት፣ ዳንቴሏ ምንም እንዳላደረገ። እያለቀስኩ "ይቅር በይኝ፣ እትዬ" አልኳት።

በስልኩ ውስጥ ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማኛል።

"ለሙሉቀን ነግረሽዋል?" አለችኝ።

"አልነገርኳቸውም።"

"ለነዚያ ሁለት ጎረቤቶችስ? ለማን ነገርሽ?"

"ላንቺ ብቻ ነው፣ እትዬ።"

"እህ።" ትንፋሿ ስልኩን መታው። "እኔማ እንዳልረሳሁት አውቅ ነበር። እጄ ያውቅ ነበር። አንቺ ስላልሽ ነው እጄን ያላመንኩት።" "ትርንጎ፣ ለእኔ ለብቻዬ ከሆነ ምን ይሠራልኛል? እኔ እኮ የተዋረድኩት በሰው ፊት ነው።"

ስልኩን በቁጣ አልዘጋችውም። "በይ ደህና ሁኚ፣ ምሳሽን ብይ" ብላ ነው የዘጋችው።

ይህን የምጽፈው በእሷ ቃል ምክንያት ነው። ጥፋቴን በሰው ፊት ሠርቼ ይቅርታውን በጓዳ ልጠይቅ ነበር። እሷ ሸክሟን እንደተሸከመች ትቀር፣ እኔ ቀልሎኝ ልተኛ ነበር። ልጅ ነበርኩ ልል እችላለሁ፤ እሷ ከፊት ለፊቴ ክሩን ስትተረትር ዝም ያልኩት ግን ልጅ ሆኜ አይደለም። ፈርቼ ነበር ልል እችላለሁ፤ ክፍል ውስጥ ማንም አላስፈራኝም። የማመካኝበት የለኝም። ብፈልግም የማገኘው እሷን የሚጎዳ ምክንያት ብቻ ነው።

የሳቁት የክፍሌ ልጆች ያንብቡት። ስለ "ገጠር ሴት" ያወራኋቸው ውሸት ነው። ከሁላችን በፊት የማሽኑን ሙቀት በእጇ ጀርባ የምትለካው እሷ ነበረች። ንስሐ አባቴም ያንብቡት፤ "ሌላ የለም" ያልኳቸው ይህ ነበር።

ከሁሉ በፊት ግን የምልከው ለእርስዎ ነው፣ ጋሼ። ካርዱን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። "ጆሮዬ አረፈ" ሲሉኝ ደስታዎን ላለማጣት ዝም አልኩ፤ ሲጠይቁኝም በሚስትዎ ላይ ጣቴን ቀሰርኩ። በእኔ ላይ የፈለጉትን ያድርጉ። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ይህን ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡት፤ ሁለቱ ጎረቤቶች ይጠሩ፣ የባጃጅ ልጆችም በር ላይ ሆነው ይስሙ። የሺንም ከጓዳ ውጪ ይበሏት። እኔን ይቅር ማለቷና አለማለቷ የእሷ ነው፤ ያንን አልጠይቅም። እርስዎ ግን በዚያ ቀን በሰው ፊት ያሏትን፣ በሰው ፊት ያንሱላት።